ለገጣፎ ላለችው የሥዕል ጥገና ባለሙያ፦ ምስጋና እና ጥቆማ

እጅሽ ይባረክ እህታችን! የምጽዋው ሥዕል ግድግዳው ላይ ተመልሷል፤ ባሕሩም ባሕር ሆኗል። የቆየ የዘይት ቀለም ሥዕል ያላችሁ ሰዎች፣ ይህን ሳታነቡ ለማንም እንዳትሰጡ።

ሥዕሉ ቁመቱ 90፣ ወርዱ 120 ሳንቲ ሜትር ነው። ከላይ ጠበብ ያለ ቢጫ ሰማይ፣ መሐሉን ጠፍጣፋ ሰማያዊ ባሕር፣ ከግርጌው በስፓቱላ የተደፈደፈ ነጭ አሸዋ፣ በቀኝ በኩል ባለ ሦስት ማዕዘን የጀልባ ሸራ። ገብረ ክርስቶስ ደስታ ከጀርመን፣ እስክንድር ቦጎስያን ከፓሪስ ተመልሰው ባስተማሩበት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የተማረ ሠዓሊ የ1960ዎቹ ሥራ ነው።

ይረግፍ የነበረው ነጩ አሸዋ ነው። ዚንክ ነጭ የሚባለው ቀለም ሲያረጅ ድርቅ ብሎ ይሰባበራል። ሥዕሉ የተሠራበት ሸራ በክረምት እርጥበት ይላላል፣ በበጋ ይወጠራል፤ ቀለሙ አብሮ ስለማይለጠጥ ከሥሩ ይለቃል።

ከእሷ በፊት ሥዕሉን የወሰድንባቸውን ሁለት ቦታዎች ስም አንጠራም፤ ግን መራራ ነበር። የመጀመሪያው ቦታ በፈሳሽ ሳሙና የራሰ ጨርቅ ይዘው ፈተጉት። ውሃው በስንጥቁ ገብቶ ከቀለሙ ሥር ያለውን የሙጫ ቅብ አሳበጠውና በአንድ ከሰዓት በኋላ መዳፍ የሚያህል አሸዋ ረገፈ። የረገፈውንም ጠርገው ጣሉት! ሁለተኛው ቦታ ደግሞ ችፑድ ላይ በኮላ እንለጥፈውና ቨርኒሽ እንርጭበት አሉ። ኮላ አንዴ ከደረቀ ሸራውን ሳይቀዱ ማላቀቅ የለም። ሥዕሉ ከዚያ የወጣው በጭቅጭቅ ነው።

እሷ መጀመሪያ ምንም አልነካችም። ክፍሉን አጨልማ ባትሪ ከጎን አበራችበት። የተነሳው ቀለም ሁሉ ጥላ ስለሚጥል የቱ እንደለቀቀ፣ የቱ ሊለቅ እንደደረሰ በዓይን ይቆጠራል። ከዚያ ከዓሣ ፊኛ የሚወጣውን ሙጫ፣ 3 ግራሙን በ100 ሚሊ ሊትር ለብ ያለ ውሃ አሟሙታ፣ በቀጭኑ ብሩሽ ስንጥቁ ጠርዝ ላይ ብቻ እያስገባች ስስ ወረቀት አልብሳ አስተኛችው። ማጽዳት ከዚህ በኋላ ነው። ያልተጣበቀ ቀለም የሚያጸዳ ሰው ቀለሙን እየጠረገ ነው።

ከታችኛው የመወጠሪያ እንጨትና ከሸራው መካከል ምን እንደወጣ ብታዩ! አንድ እፍኝ የግድግዳ ኖራ፣ ሁለት የወደቁ ሽብልቆች (የመወጠሪያውን ማዕዘን የሚያጠብቁ ትንንሽ እንጨቶች)፣ የዛገ ሚስማር። ሥዕሉ ከግርጌው አብጦ የተሰነጠቀው በዚህም ጭምር ነበር። ሁለቱ ቦታዎች ጀርባውን ገልብጠው እንኳ አላዩትም።

አሁን አመስግነን ወደማንጠግብበት ነገር ልምጣ። ጥጥ በቀጭን እንጨት ጠቅልላ፣ በምራቅ ብቻ አርሳ፣ ሳትፈትግ እያንከባለለች ሰማዩን ሞከረች፤ ጥጡ ቡናማ ሆኖ ወጣ። የዕጣንና የወጥ ቤት ጭስ ነው። ያንኑ በባሕሩ ጥግ የስንዴ ፍሬ በምታህል ቦታ ሞከረች፤ ጥጡ ሰማያዊ ሆነ። ወዲያው እጇን አነሳች። ጥጡን አሳይታ «ይሄ ቆሻሻ አይደለም፣ ባሕሩ ነው» አለች። ከዚያ በኋላ ባሕሩን እርጥብ ነገር አላስነካችውም፤ ለሜካፕ የሚሸጠውን ነጭ ስፖንጅ አጥባ፣ አድርቃ፣ በደረቁ እየነካካች ሁለት ሙሉ ቀን ፈጀባት። ቸኩሎ ሰማዩን ባጸዳበት የሚቀጥል ሰው ባሕሩን ይዞት ይሄድ ነበር!

ቨርኒሽም አልቀባችም፤ የተገዛውን ቆርቆሮ ሳትከፍት መለሰችልን። ሠዓሊው ባሕሩን ደብዛዛ፣ የጀልባውን ሸራ አንጸባራቂ ያደረገው አስቦ ነው፤ ቨርኒሽ ሁለቱን አንድ ያደርጋቸዋል። ይህን ለገንዘብ ብሎ የማይደብቅ ባለሙያ ስንት አለ?

የጎደለውን በጠመኔ ዱቄትና በሙጫ ሞልታ በውሃ ቀለም ነካካችው፣ ያውም ጉድጓዱን ብቻ፤ ነገ የተሻለ ባለሙያ ቢመጣ በእርጥብ ጥጥ ይነሳል። ባሕር ዛፍ የነበረውንና የተጣመመውን መወጠሪያ በደረቀ የዝግባ እንጨት ቀየረችው። የውስጥ ጠርዙን ወደ ውስጥ አዘቅዝቃ ስለጠረበችው ጠርዙ ሸራውን አይነካም። 8ቱን ሽብልቆች በክር አሰረቻቸው፣ ዳግም እንዳይወድቁ። ከጀርባ ካርቶን፣ አራቱ ማዕዘን ላይ ደግሞ ቁራጭ ቡሽ አለ፤ በሥዕሉና በግድግዳው መካከል አየር እንዲያልፍ።

ሂዱ፣ እሷ ጋ ሂዱ! ዋጋ ሥራውን ሳታይ አትናገርም፤ በአንድ ጊዜም ከሁለት ሥዕል በላይ አትይዝም፣ ስለዚህ ታገሱ። አድራሻዋን ፈቃዷን ጠይቀን በውስጥ መስመር እንሰጣለን። ስትወስዱ አቁማችሁ ያዙት፤ ፊቱን በፌስታል ወይም ፊኛ ባለው ላስቲክ አትጠቅልሉት፣ ሙቀት ሲነካው የፊኛው ክብ ቀለሙ ላይ ይታተማል። የረገፈ ቀለም ካለ አትጥረጉት። ከፍሬሙ ጎድጓዳ ውስጥ ያገኘቻትን ከጥፍር የምታንስ የአሸዋ ቅንጣት በወረንጦ አንስታ ቦታዋን ፈልጋ መልሳታለች። የረገፈውን በፖስታ አድርጋችሁ ይዛችሁ ሂዱ።