ፋይብሮይዴን ያየልኝ ላብራቶሪ፦ ለዶክተሯ 5 ኮከብ፣ ለእንግዳ መቀበያው 1

አዲስ አበባ ያለ የግል የፓቶሎጂ ላብራቶሪ (ከሰውነት የወጣ ሥጋ የሚመረመርበት) ነው፣ ስሙ ይቅር። 8 ሴንቲ ሜትር የሆነ ፋይብሮይድ (የማህፀን ጡንቻ ዕጢ) በኦፕሬሽን ወጣልኝ። ፎርማሊን (እንዳይበላሽ የሚያደርግ ፈሳሽ) ውስጥ ተደርጎ ለእህቴ ተሰጣት፤ እሷም እንደ እንቁላል ጭኗ ላይ አቅፋ በታክሲ አደረሰችው።

"በ5 ቀን ይደርሳል" አሉን። በ11ኛው ቀን ደረሰ። ስልክ ብንደውል የሚያነሳ የለም። ውጤቱን ስቀበል "ሃያላይን ዲጀነሬሽን" የሚል አየሁና ካንሰር ነው ብዬ እዚያው ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። እህቴ ጎግል ላድርግ ስትል ስልኳን ቀማኋት።

ደግነቱ ፓቶሎጂስቷ ስትወጣ አየችኝ። ይዛኝ ገባችና ስላይዱን (ከዕጢው በስሱ ተቆርጦ የተለጠፈበትን መስታወት) ማይክሮስኮፑ ላይ አድርጋ "ነይ፣ ራስሽ እዪው" አለችኝ።

መጀመሪያ ያሳየችኝ ደህናውን ክፍል ነው። ሴሎቹ እንዝርት ይመስላሉ፣ ቀጫጭንና ረዣዥም፣ እንደ ልቃቂት እየተጠማዘዙ ተጠቅልለዋል። ኒውክለሳቸው፣ ማለትም የሴሉ እምብርት፣ ሐምራዊ ነው (ቀለሙ እነሱ የነከሩት ነው)። ከዚያ ስላይዱን ትንሽ ገፋ ስታደርገው ሴሎቹ እየሳሱ፣ እየሳሱ ሄዱና ልሙጥ ሮዝ ሜዳ መጣ፣ እንደ መስታወት፣ ኒውክለስ የሚባል የለበትም። ሃያላይን ማለት ይሄ ነው ለካ! ዕጢው ሲያድግ ደሙ አልዳረስ ይለዋል፣ የጡንቻው ሴል ይሞታል፣ ቦታውን ኮላጅን (ጠባሳ ላይ ያለው ዓይነት ፕሮቲን) ይይዘዋል። ፋይብሮይድ ላይ በብዛት የሚታየው ለውጥም ይሄው ነው አለችኝ።

አንዳንዱ ፋይብሮይድ ፈሳሽ ይቋጥራል። የወር አበባ ከቆመ በኋላ ደግሞ ካልሲየም ይጠራቀምበታል፤ አክስቴን "ድንጋይ ሆኗል" ያሏት ገባኝ። በእርግዝና ጊዜ የሚመጣው "ቀዩ" የሚባለው ለውጥ ነው የሚያመው። ደም ሥሩ ይዘጋና ዕጢው በድንገት ይሞታል፣ ሲቆረጥ ሥጋ ይመስላል፣ በማይክሮስኮፕ ሲታይ የሴሉ ጥላ ብቻ ቀርቶ ኒውክለሱ ጠፍቷል።

"ካንሰሩስ ዶክተር?" አልኳት።

"እሱን የምፈልገው በሌላ ምልክት ነው" አለች። የሚከፋፈሉ ሴሎች መብዛታቸውን፣ የኒውክለሱ ቅርጽ መዛባቱን፣ ሌላ ዓይነት የሴል ሞት መኖሩን። "ሦስቱም የሉብሽም።"

ይሄን ወረቀቱ ላይ በሁለት መስመር አማርኛ ቢጽፉት ምን ነበረበት? አሥር ደቂቃ ነው የፈጀባት፣ ሳንቲም አልጠየቀችኝም። እዚያ ከሄዳችሁ ወረቀቱን ይዛችሁ አትውጡ፣ ዶክተሯን አስጠሩ።

ትናንት ስላይዱን መውሰድ እችል እንደሆነ ልጠይቅ ደወልኩ። አላነሱም።