ደሴ ላይ ወንድሜን ያሳከምኩበት ክፍል፦ ወረፋው ያማርራል፣ ጥያቄው ግን ይገባል

ታናሽ ወንድሜን ደሴ ወደሚገኝ አንድ የአእምሮ ሕክምና ክፍል ሦስት ወር አመላልሻለሁ። የክፍሉን ስም አልጠራም፤ የማማርረው አለኝና።

ከወረፋው ልጀምር። ከኮምቦልቻ ሳይነጋ ተነስተን፣ ሐረጎን ሽቅብ ወጥተን፣ ካርድ አውጥተን የገባነው ከምሳ በኋላ ነው። በሩ ደግሞ አይገጥምም። ውስጥ የሚወራው አግዳሚው ላይ ለተቀመጠ ሁሉ ይሰማል። የቤት ገመና በሚነገርበት ክፍል ይሄ ነውር ነው።

ምርመራው ግን ሌላ ነው። እኔ የሄድኩት "ጠባዩ ነው ወይስ ጫቱ?" ብዬ ነበር። ከሰዓት ሲመረቅን ዓለምን ይገዛል፣ ማታ ጨብሲ ላይ ይደባደባል፣ ጧት ያለቅሳል። እናቴ "ዓመሉ ነው" ትላለች፣ ጎረቤት "ጫቱ ነው" ይላል። ነርሷ ለማንም አልፈረደችም። "የስብዕና መታወክ የሚባል፣ ሥር የሰደደ የጠባይ ችግር አለ። ግን ሰው ምርቃና ወይም ሐራራ ላይ እያለ እንዲህ ነው አይባልም። መጀመሪያ ከሱሱ ይረፍ" አለች።

ከዚያ ወደ ልጅነቱ ሄደች። መቃም የጀመረው በስንት ዓመቱ ነው? ቤት ውስጥ የሚጠጣ ነበር? ይገረፍ ነበር? ከ15 ዓመቱ በፊት ይሰርቅ፣ ይደባደብ፣ ከትምህርት ቤት ይጠፋ ነበር? ሕግም ሰውም የማይገደው ዓይነት ስብዕና ሥሩ ያኔ ይታያል አለች። ይህ ዓይነት ስብዕናና ስሜቱ በቅጽበት የሚገለባበጠው ዓይነት፣ ሱስ ያለባቸው ሰዎች ላይ ጎልተው ይገኛሉ። ወንድሜ አንገቱን ሲደፋ "አብሽር፣ ልፈርድብህ አይደለም" ትለዋለች።

አባታችን አረቄ ይወድ ነበር። ቀበቶውም ቅርብ ነበር። ወንድሜ መቃም የጀመረው በ14 ዓመቱ ነው። ይህን ለባዕድ ሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነው፤ ያውም በዚያ በማይገጥም በር።

"እኔም በዚያው ቀበቶ ነው ያደግሁት፣ ጫት ግን አልቅምም" አልኳት። "ለዚህ ነው ያጋልጣል እንጂ ያደርጋል የማንለው" አለችኝ። በዘር የሚመጣውም፣ አይዞህ የሚል ሰው አጠገብ መኖር አለመኖሩም ይለያያል።

ጫቱን ሲያቆም የመጀመሪያዎቹን ሌሊቶች ዱካክ፣ ማለትም ጫት ሲቆም የሚመጣው ቅዠት፣ አላስተኛውም። አሁን ይተኛል። ቁጣው ግን ሙሉ በሙሉ አልለቀቀውም፤ እሷም እስካሁን ካርዱ ላይ የበሽታ ስም አልጻፈችም። መጀመሪያ አናዶኝ ነበር።

ከአምስት ኮከብ አራት እሰጣለሁ፤ አንዱን የወሰደው በሩ ነው። የምትሄዱ ከሆነ በልጅነቱ የሚያውቀውን ሰው ይዛችሁ ሂዱ። ለቀጣዩ ቀጠሮ "እናትሽን ይዘሽ ነይ" ተብያለሁ። እናቴ ገና እሺ አላለችም።