ቁጥር 2 የእጅ ኳስ፦ ሐዋሳ ፒያሳ ለምትገዙ

ፒያሳ አካባቢ ካለ የስፖርት ዕቃ መደብር የሚገኘው ቁጥር 2 የእጅ ኳስ ጥሩ ዕቃ ነው፤ ስፌቱ ጠበቅ ያለ፣ ገጹ ለመዳፍ የሚመች። ችግሩ ሻጮቹ ጋ ነው፤ ለሴቶች ቡድን ነው ብትሏቸውም የወንዶቹን ቁጥር 3 ያወጡላችኋል። ይህ እንደ ቀላል የሚታለፍ አይደለም። ቁጥር 2 ዙሪያው ከ54 እስከ 56 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱ ከ325 እስከ 375 ግራም ነው። ቁጥር 3 ግን እስከ 475 ግራም ይደርሳል። ኳሱ ከመዳፍ ሲተልቅ ጣት አይዘውም፤ ልጅቷም በአንጓዋ መወርወሯን ትታ በትከሻዋ ትገፋለች።

እ.ኤ.አ. በ2016 ሩሲያ ሪዮ ኦሎምፒክ ላይ ፈረንሳይን 22 ለ 19 አሸንፋ ወርቅ ስትወስድ የውድድሩ ምርጥ የተባለችውን፣ ቶኪዮ ላይም ክብሩን የደገመችውን ግራኟን አና ቪያኺሬቫን እዩ። እንደ እሷ ለመወርወር መጀመሪያ ኳሱ በጣት መያዝ አለበት።

ስትገዙ የልብስ ሰፊ ሜትር ያዙ፤ እዚያው አስነፍታችሁ ዙሪያውን ለኩ። የመንፊያውን መርፌ ሳታርሱ እንዳትከቱ፤ ደረቅ መርፌ የአየር መግቢያውን ይቀድና ኳሱ በማግስቱ ይተነፍሳል። ሲሚንቶ ሜዳ ላይ ገጹ ቶሎ ስለሚላጥ ለልምምድ ሌላ ርካሽ ኳስ ይኑራችሁ።