ሁለቱም ሰርቨሮች ፕሮሰሰር ላይ ኢ5-2620 ይላል፣ ግን አንድ አይደሉም (ሐዋሳ ያገለገለ ሰርቨር ስለገዛሁበት ሱቅ)

አቶቴ አካባቢ ያገለገለ ሰርቨር የሚሸጥ አንድ ሱቅ አለ፣ ስሙን ልተወው። መጀመሪያ ዴል አር730 ገዛሁ፣ ዲስኩን ፊቴ ቼክ አድርጎ ቡና ጋብዞ ነው የሸጠልኝ፣ እስከዛሬ አንድም ቀን አላስቸገረኝም። ስለዚ ለክላስተር (ሰርቨሮችን አገናኝቶ አብረው ለማሰራት) ሁለተኛ ሲያስፈልገን ሌላ ቦታ እንኳን አልጠየቅኩም።

«ያው ያንተው ፕሮሰሰር ያለው አለኝ» አለኝና አር720 አስነስቶ ስክሪኑ ላይ ኢ5-2620 የሚለውን በጣቱ አሳየኝ፣ እኔም ጅሉ ከኋላዋ ያለችውን፣ የፕሮሰሰሩን ትውልድ የምትናገረዋን ቪ2 አላየሁም። የኔኛው ቪ4 ነው። ከፍዬ በባጃጅ ጭኜ ቢሮ ገባሁ።

ፕሮክስሞክስ (አንድ ሰርቨር ላይ ብዙ ቨርቹዋል ማሽን፣ ማለትም ቪኤም፣ የሚያስነሳ ሲስተም) ስጭን ኬቪኤም (ቪኤሞቹን የሚያስኬደው ክፍል) የለም አለኝ፣ ባዮስ ላይ ቨርቹዋላይዜሽን ጠፍቶ ነው፣ እሱ የሁለት ደቂቃ ስራ ነው ይለፍ። ክላስተሩ ተገናኘ። ከ720 ወደ 730 ቪኤም ሳላጠፋው ማይግሬት ሳደርግ (ሳዛውር) ሰላም፣ ከ730 ወደ 720 ስወስድ ግን ቀጥ ይላል፣ ኮንሶሉ ደርቆ ሲፒዩው 100 ፐርሰንት፣ ሎጉ ደግሞ ማይግሬሽኑ በሰላም አልቋል ይላል! ሁለት ቀን ሙሉ ኬብል ስቀያይር ስዊቹን ስረግም ከረምኩ።

ደወልኩ። ባለሱቁ «እቃው ሰላም ነው ወንድሜ» ብሎ ሊዘጋው ነበር፣ ስጨቀጭቀው ቴክኒሻኑን ላከልኝ። ልጁ ገና ሳይቀመጥ «ቪ ስንት ናቸው?» አለኝ። ቪ2 የ2013 አይቪ ብሪጅ ነው፣ ቪ4 የ2016 ብሮድዌል፣ ኤቪኤክስ2 የሚባለው የፕሮሰሰር ትእዛዝ ስብስብ ደግሞ ገና በቪ3 ነው የመጣው። እኔ የቪኤሞቹን ሲፒዩ ታይፕ «ሆስት» (የሰርቨሩን ፕሮሰሰር እንዳለ አሳየው ማለት ነው) አድርጌያቸው ስለነበር ቪኤሙ ቪ4 ላይ ተነስቶ ያየውን ሁሉ አለኝ ብሎ ይዞ ይሄዳል፣ 720 ላይ ሲደርስ የለመደውን ትእዛዝ ቢጠራ የሚሰማው የለም። ቪኤምዌር የሚባለው ሌላው የቪኤም ሲስተም ላይም ለዚሁ ነው ኢቪሲ የሚባል ማስተካከያ ያለው፣ ክላስተሩን በደካማው ልክ ያደርገዋል አለኝ።

መጀመሪያ ሲፒዩ ታይፑን ኤክስ86-64-ቪ2-ኤኢኤስ አደረግነው (ይሄ ቪ2 ከፕሮሰሰሩ ቪ2 ጋር አይገናኝም)፣ ማይግሬሽኑ ሰራ፣ ግን ሞንጎዲቢ 5 የሚባለው ዳታቤዝ አልነሳም አለ፣ ለካ እሱ ኤቪኤክስ (የኤቪኤክስ2 ቀዳሚ) ይፈልጋል፣ ያ ታይፕ ደግሞ ኤቪኤክስ የለውም። ኤቪኤክስ ያለውን «አይቪብሪጅ» የሚለውን ስንመርጥ ሁሉም ነገር ቦታ ቦታውን ያዘ። አንድ ነገር ልብ በሉ፣ ሲፒዩ ታይፕ ቀይራችሁ ቪኤሙ ውስጥ ሆናችሁ ሪቡት ብትሉ ዋጋ የለውም፣ አጥፍታችሁ ነው የምታስነሱት፣ እኔ ሦስት ጊዜ ሪቡት ብዬ አልሰራም ብዬ ልጁ ላይ ልጮህ ነበር።

ፕሮሰሰሩን ብቻ ቀይሩልኝ ብል አይሆንም፣ 720 ከቪ2 በላይ አይቀበልም፣ ራሙም የድሮው ዲዲአር3 ነው።

ለልጁ አምስት ኮከብ፣ ለመጣበትም ብር አልቀበልም ብሎ በግድ ነው የታክሲ የሰጠሁት። ለሱቁ ሦስት፣ ዋጋው ጥሩ ነው እቃውም ንፁህ ነው፣ ግን ለክላስተር ነው ብዬ እየነገርኩት ያለኝን ቪ አለመጠየቁ አናዶኛል። ሌላ 730 ሲገባ ልዩነቱን ከፍለህ እቀይርልሃለሁ ብሎኛል። እስካሁን አልደወለም።