ለምልክት ቋንቋ አስተርጓሚያችን ምስጋና፣ ንግድ ለሚጀምሩ ደግሞ ጥቆማ

አዲስ አበባ ውስጥ መስማት የተሳናቸው ወጣቶች የልብስ ስፌት፣ የፀጉርና የእንጨት ሥራ ሲከፍቱ ከወረዳ እስከ ባንክ አብራቸው የምትዞረውን የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ እህታችንን እናመሰግናለን። ስሟ እንዲጻፍ አልፈለገችም፤ የሚፈልጋት በውስጥ መስመር ይጠይቀን።

«መስማት ካልቻለ በጽሑፍ ስጠው» የሚል ሰው ብዙ ነው። የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ ግን የራሱ ሰዋስው አለው፤ አማርኛን በእጅ መጻፍ አይደለም። አምስት ገጽ የኪራይ ውል አቀብሎ ዝም ማለት ብዙ ጊዜ ምንም እንዳለመስጠት ነው። ወንድም ወይም እናት ሲያስተረጉሙ ደግሞ ሃያ ደቂቃ የተወራው «ችግር የለውም፣ ፈርም» ሆኖ ያርፋል። እሷ አታሳጥርም። የባንኩ ወይም የወረዳው ባለሙያ ወደ እሷ ዞሮ «እንዲህ በዪው» ካለ፣ በቀጥታ ለእሱ እንዲናገር በእጇ ወደ ባለጉዳዩ ታመለክታለች። ጠያቂውም ወሳኙም እሱ ነው።

ብድር ላይ ያላት ትዕግሥት ለብቻው ምስጋና ይገባዋል። 100,000 ብር በዓመት 15 በመቶ ወለድ፣ በ12 ወር የሚከፈል እንበል። ወለዱ እስከ መጨረሻው በመጀመሪያው ብድር ላይ ከታሰበ 15,000 ብር ነው። ዋናው ገንዘብ በየወሩ እኩል እየተከፈለ ወለዱ በቀሪው ላይ ብቻ ከታሰበ ግን 8,125 ብር። «15 በመቶ» የሚለውን ምልክት ብቻ አሳይቶ ማለፍ ይቻል ነበር፤ እሷ 12 ባቄላ ጠረጴዛ ላይ ደርድራ በየወሩ አንድ እያነሳች ታሳያለች። የእፎይታ ጊዜም (ብድሩን መክፈል ሳይጀመር የሚሰጠው ጊዜ) ሲነሳ «በዚያ ጊዜ ወለድ ይቆጠራል?» የሚለው ጥያቄ ከባለጉዳዩ እስኪመጣ ድረስ አትቸኩልም።

ማንበብ ለማይችሉት አንድ ነገር እንጨምር። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1728 እንደሚለው፣ ማንበብና መጻፍ የማይችል ሰው የፈረመው ወይም አሻራውን ያኖረበት ውል ውል አዋዋይ፣ መዝጋቢ ወይም ዳኛ በሥራው ላይ ሆኖ ካላረጋገጠው አያስገድደውም። ስለዚህ አከራዩ «እዚሁ ሱቁ ውስጥ እንፈራረም» ቢል ውልና ማስረጃ ሂዱ። ለሁለቱም ይበጃል።

ሱቁ ከተከፈተ በኋላ ችግሩ ስልክ ነው። ማስታወቂያው ላይ ከቁጥሩ ጎን «በጽሑፍ መልእክት ብቻ» ብላችሁ ጻፉ፤ አለበለዚያ ደንበኛው ደውሎ መልስ ሲያጣ ሱቁ የተዘጋ ይመስለዋል። በቴሌብር ስትቀበሉ የደንበኛውን ስክሪን አትመኑ፤ የራሳችሁ ስልክ ላይ መልእክቱ መግባቱንና ሒሳባችሁ መጨመሩን እዩ።

ቀጠሮ የምትይዙ ሰዎች ውሉን ወይም የብድር ቅጹን ከሦስት ቀን በፊት ላኩላት። ከተናጋሪው አጠገብ ትቀመጥ፤ ከጀርባዋ መስኮት ካለ ብርሃኑ እጇንና ፊቷን ያጨልመዋል። ከግማሽ ሰዓት ለሚያልፍ ስብሰባ እረፍት ወይም ሁለተኛ አስተርጓሚ ያስፈልጋል፤ እጅ ሲደክም ቁጥር ይዘለላል። ክፍያዋን የንግድ ዕቅዱ ወጪ ውስጥ አስገቡት፣ «ለጽድቅ ነው» ብላችሁ አትደራደሯት። የግብር ምክር ግን ከእሷ አትጠብቁ። ሒሳብ ሠራተኛ አምጡ፤ እሱ የሚለውን እሷ ታስተረጉማለች።