ኮምሶል፣ ቤምፒፒ ወይስ ኪርኾፍ? ባህር ወለል ላይ ያለ ዕቃ የሚመልሰውን የሶናር ድምፅ ለማስላት የቱ ይሻላችኋል

ኮምሶልና ቤምፒፒ የኮምፒውተር ፕሮግራሞች ናቸው፣ ኪርኾፍ ደግሞ ግምታዊ የስሌት ዘዴ ነው። ዋጋውን ለጊዜው ተዉትና መጀመሪያ ሶናራችሁ (ድምፅ ልኮ ማሚቶውን የሚያዳምጠው መሣሪያ) ስንት ኪሎኸርዝ ላይ እንደምትሠሩ እወቁ። ድምፅ ውሃ ውስጥ በሰከንድ 1500 ሜትር ገደማ ነው ሚሄደው፣ ስለዚህ በ10 ኪሎኸርዝ የሞገዱ ርዝመት 15 ሳንቲሜትር ነው፣ በ100 ደግሞ 1.5 ብቻ፣ የሂሳቡ ክብደት በሙሉ ከዚች ቁጥር ነው የሚመጣው።

ኮምሶል በፋይናይት ኤለመንት ነው የሚሠራው፣ ዕቃውንም ዙሪያው ያለውን ውሃና አሸዋም ትንንሽ አድርጎ ይከታትፈዋል። ትልቁ ጥቅሙ ብረቱ ራሱ ሲንቀጠቀጥ የሚያወጣውን ድምፅ አብሮ ማስላቱ ነው። ያልፈነዳ ቦምብ ለሚፈልግ ሰው ይሄ ነው ቁም ነገሩ (የጀርመን ባህር ውስጥ ብቻ ወደ 1.6 ሚሊዮን ቶን ጥይትና ቦምብ እንዳለ ይገመታል)፣ ምክንያቱም የመድፍ ጥይት ከመጀመሪያው ማሚቶ በኋላም እንደ ደወል ይቀጥላል፣ ያጠገቡ ድንጋይ ግን እንደዛ አይጮህም። ችግሩ ሜሞሪ ነው። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ ውሃ በ10 ኪሎኸርዝ፣ ለአንድ ሞገድ 6 ቁራጭ ብትሰጡት 64,000 ቁራጭ ይሆናል፣ በ50 ኪሎኸርዝ ግን 8 ሚሊዮን። እኔ በ40 ሙሉ ስሪዲ አስነስቼው ሌሊቱን ሲሠራ አድሮ ጠዋት ሜሞሪ አለቀ ብሎ ቆሞ ነው ያገኘሁት፣ በጣም ነው ያናደደኝ።

ዕቃው እንደ ጥይት ወይ ሲሊንደር ክብ ከሆነ ግን መላ አለ፣ አንዱን ጎን ብቻ በቱዲ ሠርቶ ዙሪያውን በየሞዱ (ድምፁ ዕቃውን ሲዞር በሚደጋገምበት ቅርጽ እየለዩ) አስልቶ መደመር፣ ላፕቶፕም ይችለዋል። አሸዋው ላይ ተጋድሞ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ ውሃ ውስጥ ብቻውን አስሉትና አራቱን መንገድ ደምሩ፤ ቀጥታ ሄዶ ቀጥታ የተመለሰ፣ ሲሄድ ብቻ አሸዋ የነካ፣ ሲመለስ ብቻ የነካ፣ ሁለቴም የነካ። ግማሹ ተቀብሮ ከሆነ ግን ይሄ አይሠራም፣ ወደ ስሪዲው መመለስ ነው።

ቤምፒፒ ነፃ ነው፣ ፓይተን ለሚችል ሰው ደስ ይላል፣ የዕቃውን ገጽ ብቻ ነው ሜሽ የምታደርጉት (ማለትም የምትከታትፉት)፣ ውሃው ወሰን የለውም ብሎ ራሱ ይይዘዋል። ግን ማትሪክሱ (የሚፈታው የቁጥር ሰንጠረዥ) ባዶ ቦታ የሌለው ሙሉ ነው፣ 50,000 ያልታወቀ ቁጥር ካላችሁ ያለ ማፍጠኛ ዘዴ ለማትሪክሱ ብቻ 40 ጊጋባይት ራም ይበላል፣ የብረቱን ውስጥ ከፈለጋችሁ ደግሞ ከፋይናይት ኤለመንት ጋር ማገናኘት የናንተ ሥራ ነው፣ ቀላል እንዳይመስላችሁ።

ኪርኾፍ የሚገዛም አይደለም፣ ራሳችሁ ትጽፉታላችሁ። ከ100 ኪሎኸርዝ በላይ የዕቃውን ቅርጽና ጥላ ለሚያነሳ ሶናር እኔ እሱን ነው የምመርጠው፣ በደቂቃዎች ያልቃል። የብረቱን መደወል ግን ጭራሽ አያይም፣ ስለዚህ ቦምብ ከድንጋይ ለመለየት አትመኑት።

የናንተ ሥራ ከ30 ኪሎኸርዝ በታችና ብረት ከሆነ ኮምሶል ይሻላል እላለሁ፣ ዋናው ፓኬጅ ብቻውን ስለማይበቃ የአኮስቲክስ ሞጁሉንም ደምራችሁ ዋጋ ጠይቁ። ከመክፈላችሁ በፊት የሙከራ ላይሰንስ ተቀበሉና የዓሣ ሶናር ካሊብሬት የሚደረግበትን 38.1 ሚሊሜትር የተንግስተን ካርባይድ ኳስ አስሉበት፣ የኳስ መልስ በቀመር ስለሚታወቅ የቀመሩንና የኮምሶልን ከርቭ አንዱን ባንዱ ላይ አድርጋችሁ እዩ፣ ጉድጓዶቹ (መልሱ በጣም ዝቅ የሚልባቸው ኪሎኸርዞች) ቦታ ከሳቱ ሜሹን አጥብቁት።