ቤቱ እንዴት እንደሚበላ የሚያሳዩ የቁማር ፊልሞች

በማርቲን ስኮርሴዚ «ካሲኖ» (1995 እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በፈረንጅ ናቸው) ውስጥ አንድ ጃፓናዊ ባለጸጋ ባካራ የሚባለውን የካርታ ቁማር ተጫውቶ፣ ብዙ ገንዘብ በልቶ (አሸንፎ) ሊሄድ ይነሳል። የቤቱ፣ ማለትም የካሲኖው፣ ኃላፊ አውሮፕላኑ ተበላሽቷል አስብሎ ያስመልሰዋል። ማደሪያው በነጻ፣ ምግቡ በነጻ። ሰውየው «ትንሽ ልጫወት» ብሎ በአነስተኛ መደብ (በሚያስይዘው ገንዘብ) ይጀምራል፤ ቆይቶ መደቡን ከፍ ያደርጋል፤ በመጨረሻም የወሰደውን መልሶ፣ የራሱንም ጨምሮ አስረክቦ ይነሳል። ስለ ቁማር አንድ ፊልም ብቻ የምታዩ ከሆነ ይህን እዩ የምንለው በዚህ ትዕይንት ምክንያት ነው። ካርታው አልተነካካም፣ በጨዋታው ማንም አላታለለም፤ ቤቱ ያደረገው ሰውየውን ወንበሩ ላይ ማቆየት ብቻ ነው።

ሮበርት ዲኒሮ የሚጫወተው ሳም ሮትስቲን በ1970ዎቹ በላስ ቬጋስ ስታርደስት ካሲኖን ያስተዳድር ከነበረው ከፍራንክ ሮዘንታል የተቀዳ ነው። ቀረጻው በእውነተኛው ሪቪዬራ ካሲኖ ስለተካሄደ አዳራሹ ትያትር አይመስልም። ሦስት ነገሮችን ልብ ብላችሁ ተከታተሉ። የመጀመሪያው ገንዘብ መቁጠሪያ ክፍሉ ነው፤ ካሲኖውን ከጀርባ የሚቆጣጠረው የማፊያ ድርሻ ከመዝገብ በፊት፣ ገና ሳይቆጠር፣ በሻንጣ ይወጣል። ሁለተኛው የብላክጃክ (21 ላይ ለመድረስ የሚጫወቱት የካርታ ቁማር) አጭበርባሪዎቹ ናቸው። አዳዩ (ካርታ የሚያድለው የቤቱ ሠራተኛ) የተደፋውን ካርታ ሲያይ ከልክ በላይ ቀና ያደርገዋል፤ ሌላ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ሰው ያነብና በድብቅ መሣሪያ ለጓደኛው ምልክት ይልካል። ቀዳዳው የአዳዩ እጅ መሆኑን ፊልሙ በትክክል ያሳያል። ሦስተኛው ስሎት ማሽኖቹ (ሳንቲም የሚጎርሱት የቁማር ማሽኖች) ናቸው፤ በ20 ደቂቃ ውስጥ ሦስት ጃክፖት (ትልቁ ዕጣ) ሲወጣ ሮትስቲን የክፍሉን ኃላፊ ወዲያው ያባርረዋል። ወይ አብሮ ሰርቋል፣ ወይ ሲሰረቅ አላየም፤ ለቤቱ ሁለቱም አንድ ናቸው። ፊልሙ 178 ደቂቃ ነው፤ ጭካኔው ከባድ ስለሆነ ልጆች ከተኙ በኋላ ይታይ።

ከጠረጴዛው ወዲያ ማዶ ያለውን ኑሮ ማወቅ ለሚፈልግ የማይክ ሆጅስ «ክሩፒየር» (1998) አለ። ክላይቭ ኦውን በለንደን ካሲኖ ሩሌት (ኳስ ቁጥር ላይ የሚያርፍበት የሚሽከረከር ጎማ) የሚያጫውት፣ ራሱ ግን የማይቆምር ሰው ነው። እጆቹን ተመልከቱ፤ ቺፑን (በገንዘብ ፈንታ የሚያስይዙትን ክብ ምልክት) ሲቆርጥ፣ ሲደረድር፣ ሲገፋ አንድም ትርፍ እንቅስቃሴ የለም። ፊልሙን ለማጣጣም የሩሌትን ሒሳብ ማወቅ ይረዳል። ከ0 እስከ 36 ድረስ 37 ቁጥሮች አሉ። አንድ ቁጥር ላይ 1 ቺፕ አስይዞ ያገኘ 35 ይከፈለዋል፣ የራሱም ይመለስለታል፤ ድምሩ 36። ስለዚህ ሁሉም ቁጥሮች ላይ አንድ አንድ ቺፕ የደረደረ ሰው 37 አውጥቶ 36 ይወስዳል። ያቺ የጎደለች አንድ ቺፕ የቤቱ ድርሻ ናት፦ 2.7 በመቶ። ባለ ሁለት ዜሮው የአሜሪካ ሩሌት 38 ቁጥሮች ስላሉት ድርሻው 5.26 በመቶ ይደርሳል።

«አንከት ጄምስ» (2019) ለእኛ ሰው የተለየ ነው፤ የሚጀምረው ወሎ ውስጥ፣ ኦፓል ማዕድን አፍ ላይ፣ እግሩ ክፉኛ በተጎዳ ሠራተኛ ነውና። ያ ድንጋይ ኒውዮርክ ሲደርስ አዳም ሳንድለር የሚጫወተው የጌጣጌጥ ነጋዴ እጅ ይገባል። (የደላንታ ኦፓል አብዛኛው ነጣ ያለ መሆኑን ለምታውቁ፣ የፊልሙ ድንጋይ ጥቁር ነው።) ነጋዴው የአራጣ ዕዳ አንገቱ ላይ ታስሯል፤ በመያዣ የተቀበለውን የሌላ ሰው ቀለበት ወለድ አገድ አስቀምጦ በዚያ ገንዘብ ይወራረዳል። ዕዳውን ሊከፍል የሚችልበት ገንዘብ እጁ በገባ ቁጥር ሌላ ቲኬት ይቆርጣል።

ውርርዱም ለአዲስ አበባ ወጣት እንግዳ አይደለም፤ ብዙ ግምት በአንድ ቲኬት ላይ መደርደር ነው፣ አንዱ ከሳተ ሁሉም ይወድቃል። ፊልሙ የማይነግራችሁን ሒሳብ እንጨምር። እኩል ዕድል ላለው ነገር ትክክለኛው ኦድ (ያሸነፈ ሰው ያስያዘው ገንዘብ የሚባዛበት ቁጥር) 2.00 ነው፤ ቤቱ 1.90 ይሰጣል እንበል። አንድ ጨዋታ ላይ ቅናሹ 5 በመቶ ብቻ ነው። ሦስት ሲደረደር 8 እጥፍ መክፈል የሚገባው ቲኬት 6.86 ይከፍላል። አሥር ሲደረደር ደግሞ በ1024 ፈንታ 613። ኦዱ ባደገ ቁጥር የቤቱም ድርሻ አብሮ ያድጋል። የፊልሙ አዘጋጆች የሳፍዲ ወንድማማቾች 135 ደቂቃ ሙሉ ሰው በሰው ላይ እየጮኸ ያስጨንቁናል፤ ጭንቀቱ የተለካ ነው እንላለን። ስድቡ ግን ከቤተሰብ ጋር አያስቀምጥም።

ፖከር ለሚወድ «ራውንደርስ» (1998)። ማት ዴመን መጀመሪያ ላይ ያለውን 30,000 ዶላር በሙሉ በአንድ እጅ ያጣል። እጁ ደካማ አልነበረም፤ ፉል ሃውስ (ሦስት አንድ ዓይነትና ሁለት አንድ ዓይነት ካርታ) ይዞ በሚበልጥ ፉል ሃውስ ነው የተሸነፈው። ጥፋቱ ከካርታው ላይ ሳይሆን ያለውን ሁሉ ይዞ ጠረጴዛ ላይ መቀመጡ ላይ ነው። ጆን ቱርቱሮ የሚጫወተውን ክኒሽን ተከታተሉ፤ በትናንሽ መደብ እየለቀመ ልጆቹን የሚያሳድግ ሰው ነው፤ የሙያው እውነተኛ መልክ እሱ ነው። የፊልሙ ድክመት ባላጋራው የያዘውን ካርታ በብስኩት አበላሉ የሚያሳብቅበት ትዕይንት ላይ ነው፤ ጥሩ ተጫዋች እንዲህ ግልጽ ምልክት አይሰጥም፣ የሚነበበው ይበልጡን የሚያስይዝበት መጠን ነው።

«21» (2008) ለካርታ ቆጠራ፣ ማለትም በብላክጃክ የወጡትን ካርታዎች ተከታትሎ የቀሩት ለተጫዋቹ ማድላታቸውን ለመገመት፣ መነሻ ይሆናል እንጂ ትምህርት አይሆንም። ከ2 እስከ 6 ሲወጣ አንድ መደመር፣ ከ7 እስከ 9 ዝም ማለት፣ ከ10 እስከ አስ አንድ መቀነስ ነው። ዋናው ግን ቀጥሎ ያለው፣ ቆጠራውን ለቀሩት የካርታ ጥቅሎች ማካፈል ነው፤ ቆጠራው 12 ደርሶ 4 ጥቅል ካርታ ከቀረ፣ የሚሠራው ቁጥር 3 ነው። ይህን የዘለለ ሰው መደቡን ያለጊዜው ያሳድጋል። «ካሲኖ ሮያል» (2006) ጥሩ የስለላ ፊልም ነው፤ አራት ሰው በአንድ ዙር ያን የመሰለ እጅ የሚይዝበትን ፖከር ግን በቁም ነገር አትውሰዱት።

«ኦውኒንግ ማሆኒ» (2003) ብዙ ሰው ያላየው፣ እኛ ከ«ካሲኖ» ቀጥሎ የምናስቀምጠው ነው። ከእውነተኛ ታሪክ የተወሰደ ነው፦ አንድ የቶሮንቶ የባንክ ሠራተኛ በ1980 እና 1982 መካከል ከ10 ሚሊዮን ዶላር በላይ አጉድሎ ቆምሯል። ፊሊፕ ሲሞር ሆፍማን ያለ ጩኸት ይጫወተዋል። ካሲኖው የፈለገውን እንዲያዝ ሲለምነው የሚጠይቀው ያለ ሶስ የጎድን ጥብስና ኮካ ብቻ ነው። መጨረሻ ላይ ሐኪሙ የቁማርን ደስታ ከ100 ስንት ትሰጠዋለህ ሲለው 100 ይላል፤ ከቁማር ውጪ ያገኘኸው ትልቁስ ሲለው፣ 20። ለሁለት ሰዓት እንኳ ጥቂት የጎደለው ነው፤ ፀጥታው ስለሚያመልጣችሁ ስልክ አርቃችሁ ብቻችሁን እዩት።